በእሳት የተሠራ በረዶ

ባለፈው ወር ልጄ ሜላት ዌምብሊ ካለው ቤቴ በር ላይ አንድ ነጭ ቫን አቁማ ደወለችልኝ። «እማ፣ ውረጂና እዪው፤ ቶታሊ ኦፍ ግሪድ ነው!» ወርጄ አየሁት። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎች ተዘርግተዋል፣ ከወንበሩ ሥር የሻንጣ ያህል ባትሪ ተቀምጧል፣ ኢንተርኔት አለው፣ የፀጉር ማድረቂያ ይሠራበታል፣ ስልክ ሲነካ መጋረጃው በራሱ ይዘጋል። ከመብራት መስመር ተላቆ መኖር ይህን ሁሉ መብራት እንደሚጠይቅ አላውቅም ነበር። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ የታችኛውን ቁም ሣጥን ከፈተችው፤ ከውስጡም የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስለው የሲሊንደር ጋዝ ሽታ፣ እርጥበት ከጠጣ ኮምፔንሳቶ ሽታ ጋር ተደባልቆ ወጣ። «ጋዙን ቼክ አድርጊው» አልኳት፤ ሽታው ግን በልጅነቴ ወደነበረችን ካራቫን መልሶ ወስዶኝ ነበር።

የልጅነት ትዝታ የሚያወድስ ጽሑፍ ሲገጥመኝ ገጹን ገልጬ የማልፍ ሰው ነኝ። ሰው ሃምሳ ሲጠጋ ያኔ የበላው ዳቦ ሁሉ ትኩስ፣ የነበረው ጎረቤት ሁሉ ደግ ይሆንበታል። እኔ ያደግኩበት የለንደኑ የዋይት ሲቲ አፓርታማ ሊፍቱ ሽንት ሽንት ይል ነበር፣ ከበላያችን ያለችው ሴትዮም ደግ አልነበረችም። ስለዚህ የማወራችሁ ያ ዘመን ጥሩ ስለነበር አይደለም። አንድ ቀን ስላሸነፍን ነው፤ ማሸነፍ ደግሞ በቤታችን ብዙም የተለመደ አልነበረም።

አባቴ ሽፈራው አዲስ አበባ ጋራዥ የነበረው መካኒክ ነው። ለንደን ውስጥ የአውቶቡስ ሞተር ይጠግን ነበር፤ የሞተርን ሕመም ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ አንገቱን አዘንብሎ በጆሮው ይለያል። እንግሊዝኛ ይናገራል እንጂ ማንበቡ ላይ ትዕግሥት የለውም፤ ቤት የሚሰጠው የካውንስሉ ደብዳቤ፣ የመንግሥት ድጎማው የቤኔፊት ቅጽ፣ የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሁሉ የሚነበበውና የሚሞላው በእኔ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቴ የቤቱ ዋና ጸሐፊ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ከእኔ ሥልጣን ውጪ የነበረው አንድ ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም የዕቃ መመሪያ። አባቴ ዘንድ መመሪያ የሚያነብ መካኒክ ማለት ሰፈሩን በካርታ የሚፈልግ ሰው ማለት ነው።

ካራቫኗን ያገኘናት ጡረታ ከሚወጣ እንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባው ነው፤ አባቴ የሰውየውን መኪና ሞተር አውርዶ አድሶለት ሰውየው በምላሹ ሰጠው። የእንቁላል አስኳል መልክ ያላት፣ ሁለት ጎማዋ ላይ የምትወዛወዝ፣ በውስጧ ግን ሁሉን በልኩ የያዘች ተጎታች ነበረች፤ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ አልጋ የሚሆን ወንበር፣ ሁለት ምድጃ፣ ከምድጃው ሥር ደግሞ ትንሽ ፍሪጅ። አባቴ እንግሊዞች በበጋ መብራት ወደሌለበት ሜዳ ሄደው እንደሚያርፉ በሥራ ቦታው ሲሰማ ኖሯል። እሱም አንድ ጊዜ እንደ ሰው ማረፍ ፈለገ። እናቴ ዘነበች ሐሳቡን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። «መብራት ወደሌለበት ለመሄድ ነው አገር ጥለን የመጣነው?» አለችው። ዛሬም ድረስ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አላገኘሁም።

በመጨረሻ እሺ ያለችው የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ ሳይገባ ያለችው ክፍተት ከትምህርት ቤት መዘጊያ ጋር ስለገጠመች ነው። ሥጋ የሚበላበት ዕረፍት መሆኑ አሳመናት። የአምስት ቀን ሥጋና ዶሮ፣ ቅቤና አይብ በፕላስቲክ ዕቃ አሽጋ፣ ለጓደኛዋ ለእትዬ የሺም የምንሄድበትን አድራሻ ትታላቸው፣ ረቡዕ ጠዋት ከለንደን ወጣን። ዶርሴት ውስጥ ከባሕር ዳር ያለ የአንድ ገበሬ ሜዳ ነበር፤ አንድ የውሃ ቧንቧ አለው፣ በጎች አሉት፣ ሌላ ምንም የለውም። ያ ሳምንት ደግሞ እንግሊዝ አገር ሣሩ እስኪገረጣ የሞቀችበት ነበር።

አባቴ ሜዳውን ዞሮ ዞሮ ካየ በኋላ ካራቫኗን ያቆማት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ይህን ያደረገው ባሕሩን ለማየት አልነበረም። በአገር ቤት የሠራ ሾፌርም ሆነ መካኒክ ባትሪ አያምንም፤ መኪና ሲያቆም ጠዋት ብታስቸግረው ገፍቶ እንዲያስነሳት ምንጊዜም አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት ያደርጋል። አባቴ በለንደን እንኳ ቤታችን አጠገብ ደልዳላ ቦታ እያለ ሁለት መንገድ ርቆ ዳገት ፈልጎ ነበር የሚያቆመው። ካራቫን ሞተር እንደሌላት፣ ተገፍታም እንደማትነሳ ያውቃል፤ እጁ ግን አላወቀም። ከጎማዋ ፊት ድንጋይ አስደግፎ አቧራውን አራገፈና በኩራት አያት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ኑሮ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነበር። ሹካው ከጠረጴዛው ይወርዳል፣ ብርቱካኑ ተንከባሎ በር ላይ ይገኛል፣ እኔም ተኝቼ እግሬ ወዳለበት ተንሸራትቼ ነው የምነሣው። ካራቫን ማለት ይኸው ነው ብለን ተቀበልነው። መቀበል ያቃተን ፍሪጁን ነው። በጋዝ ነበልባል የሚቀዘቅዝ ዓይነት ነው፤ ባልደረባው እንዳሳየው አባቴ ለኮሰው፣ በታች ባለችው ቀዳዳም ሰማያዊ ነበልባል እየነደደ ታየ። እሳቱ ሐሙስ ነደደ፣ አርብም ነደደ፤ የፍሪጁ ውስጥ ግን ከውጪው ይሞቃል። አባቴ ቱቦውን አጠበ፣ ማቃጠያውን አራገፈ፣ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው፤ ሞተር የሌለው ነገር ደግሞ አይናገርም። አርብ ቀን እናቴ የቀረውን ሥጋ አሽትታ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። «እስከ እሁድ ካልቀዘቀዘ እንመለሳለን፤ ይቺም ጎጆ ትሸጣለች» አለች። አባቴ ካራቫኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

ያን ዕለት ከሰዓት ከፍራሹ ሥር የቆየ መመሪያ አገኘሁ፤ ልማዴ ስለሆነ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ፍሪጁ የሚሠራው ካራቫኗ ፍጹም ደልዳላ ቦታ ላይ ስትቆም ብቻ እንደሆነ፣ ካዘነበለች ውስጡ ያለው ፈሳሽ መዞር እንደሚያቆም በደማቅ ጥቁር ቀለም ተጽፏል። ሮጬ «አባባ፣ ወረቀቱ ላይ…» ስል «ወረቀት ለማያውቅ ሰው ነው» ብሎ አቋረጠኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ማቃጠያውን ለሦስተኛ ጊዜ መፍታት ጀመረ።

እናቴ ግን ሥጋውን እንደቀበረች እኔን ይዛ መንደሩ መግቢያ ካለው የስልክ ሣጥን ለንደን ስትሪትሃም ላሉት ለእትዬ የሺ ደውላ ነበር። «የሺ፣ መብራት የለንም፤ ውሃ በባልዲ ነው የምንቀዳው፤ ሥጋው ሁሉ ተበላሸ፤ ሽፈራው ግን እዚሁ እንቀመጣለን ብሏል…» እያለች ሳንቲሙ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ። በዚህ ንግግር ውስጥ አንድም ውሸት አልነበረም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለት መኪና አቧራ እያስነሣ ወደ ሜዳው ገባ። ከፊተኛው እትዬ የሺ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው ወረዱ፤ ከኋላቸው ጋሽ ወርቁ፣ አገር ቤት ሃያ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ለንደን ውስጥ ደግሞ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩ ሽማግሌ፣ በሙሉ ልብስ ከነክራቫታቸው ወጡ። ከሁለተኛው መኪና ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ሦስት ጎልማሶች ብርድ ልብስና ድስት ማውረድ ጀመሩ። እትዬ የሺ እናቴን አቅፈው «አይዞሽ እህቴ፣ ቤት ይገኛል፤ ሰኞ ካውንስሉ ጋ አብረን አፕላይ እናደርጋለን» አሏት።

«ማን ቤት አጣ?» አለች እናቴ። «ሆሊዴይ ላይ ነን!»

«ሆሊዴይ?» እትዬ የሺ ካራቫኗን አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ የተቀበረውን ሥጋ የሚያሸቱትን በጎች አዩ። «ያለ መብራት?»

አባቴ እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። እንግዶቹን አስገብቶ ሁሉ ነገር እንዳለን ማሳየት ጀመረ፤ ምድጃውን፣ አልጋውን፣ በመጨረሻም ምርጫ አጥቶ ፍሪጁን። «በጋዝ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወርቁ ጎንበስ ብለው ነበልባሉን በቀዳዳው አዩ። «ከሥሩ እሳት እያነደድክ ነው የምታቀዘቅዘው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ወርቁ ፍሪጁን ከፍተው እጃቸውን አስገቡ፤ የሞቀው የወተት ሽታ ፊታቸውን መታቸው። «ልጄ፣ ይሄማ ቁም ሣጥን ነው» አሉ፤ ጎልማሶቹ ሳቁ። «እሳት ማሞቅ ከተወ እኔም ሃያ ዓመት የበላሁትን ደመወዝ ልመልስ።»

አባቴ ጆሮው ቀላ። «ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ በረዶ ካልሰጠሁዎት» አለ፣ «ተከትያችሁ ለንደን እገባለሁ፣ ይቺንም ሰኞ እሸጣታለሁ።» እናቴ «ሰማችሁ?» ብላ ሁሉንም ምስክር አደረገች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ መልሱ ከቀሚሴ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። አውጥቼ ባነበው ፍሪጁ ይድናል፣ አባቴ ግን አይድንም። ያደግኩበት ቤት ልጅ አባቷን በእንግዳ ፊት አታርምም፤ በተለይ መሳቂያ በሆነበት ሰዓት። አንዲት ልጅ በእንግዳ ፊት እንድታደርግ የሚፈቀድላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማስተናገድ። ሰፊውን የመስታወት ሳህን እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞላሁት፣ ከብርጭቆዎች ጋርም ጠረጴዛው ላይ በአባቴ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት። ውሃው በአንድ ወገን የጣት ውፍረት ያህል ጎደለ፤ በሌላው ወገን ሞልቶ ፈሰሰና ክራቫታቸውን አስተካክለው በተቀመጡት በጋሽ ወርቁ ሱሪ ላይ ወረደ።

«ኧረ ልጄ! ምን ነካሽ?» ብለው ዘለው ተነሡ። እናቴ ፎጣ ፍለጋ ተራወጠች። አባቴ ግን ወደ ሳህኑ ጎንበስ አለ። የሳህኑን ከንፈርና የውሃውን መስመር እያየ ቆየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከሚያስፈልገው ጥቂት አስረዝሞ አየኝ።

«ዘማለች» አለ። ድምፁ የጋራዡ ድምፅ ሆነ። «ቤቷ ዘማለች! ፈሳሹ እንዴት ይዙር? ኑ፣ ትከሻችሁን ስጡኝ!»

የቀረውን በደስታ ነው የማስታውሰው። ጎልማሶቹ ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ሥር ወዳለው ደልዳላ ቦታ ገፏት። ገበሬው ምን እንደምንሠራ ሳይገባው ሁለት ጣውላ አምጥቶ ሰጠን። ጋሽ ወርቁ «እኔ ይህን የምገፋው ለመታዘብ ነው» እያሉ በረጠበ ሱሪ ከሁሉ በላይ ገፉ። እኔ ውስጥ ሆኜ ሳህኑን እጠብቃለሁ፤ «ትንሽ በግራ ጋሼ! ጣውላውን ጨምሩ! በቃ!» እላለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች በቃሌ ይቆማሉ። አባቴ ነበልባሉን አጥፍቶ ፍሪጁን ጥቂት አሳረፈው፣ መልሶ ለኮሰው፣ ውሃ የሞላበትን ትሪ አስገባና እስኪመሽ እንዳይከፈት ከለከለ። ጋሽ ወርቁም እንዳይጭበረበሩ ወንበር ስበው ከፍሪጁ አጠገብ ተቀመጡ።

ለማጽናኛ የመጣው ምግብ ያን ቀን ሣሩ ላይ ተበላ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው እናቴን «ቤት አጣች ብዬ ለሰው ሁሉ ደውያለሁ፤ አሁን ደግሞ ለሁሉም ሆሊዴይ ነው ብዬ ልደውል ነው?» ሲሏት ሁለቱም ከሳቁ ብዛት ተደጋገፉ። በዚያ አገር ሐምሌ ላይ ፀሐይ ቶሎ አትሄድም፤ ገና ባሕሩ ላይ እንዳለች አባቴ ፍሪጁን ከፈተ። ቀዝቃዛ ትንፋሽ እግራችን ላይ ወረደ። ትሪው ላይ ነጣ ያለ፣ ዳሩ የጠነከረ፣ መሃሉ ገና ጭጋግ የያዘ በረዶ ነበር። ጋሽ ወርቁ አንዱን መዳፋቸው ላይ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው ነበልባሉን አዩ፣ በረዶውን አዩ፣ እንደገና ነበልባሉን አዩ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ጨምረው ኩርሽም አደረጉት። «ሃያ ዓመት አስተማርኩ» አሉ፤ «የሚያስተምረኝ ግን አላገኘሁም ነበር።» እናቴ ሁለተኛውን አንስታ ግንባሯ ላይ እያሸች «የሚሸጥ ነገር የለም» አለች።

ካራቫኗ ወለሏ እስኪበሰብስ ብዙ በጋ አገለገለችን። ጋሽ ወርቁ የሉም፣ አባቴም የለም። ዛሬ መብራት ጠፋብኝ ብል ሰው ስልኬ ላይ የሚያለቅስ ፊት ይልክልኛል፤ ሳይጠራ፣ ሳያጣራ፣ ድስት ጭኖ ሦስት ሰዓት የሚነዳ አላውቅም። አባቴ ታሪኩን ለዓመታት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሲያወራ «ውሃውን አየሁና ወዲያው ገባኝ» ይል ነበር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቅ ነበር። አንዳንዴ ታሪኩን ጨርሶ ትከሻዬን ጨበጥ ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ሰውን በማረም እንጀራ የምበላ ሐያሲ ሆኛለሁ። በጋዜጣና በመድረክ፣ በስምና በገጽ ቁጥር፣ ብዙ ሊቃውንትን ስህተታቸውን አሳይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ነበርኩ። አንዱም ግን ከቆመበት ቁልቁለት አንድ ስንዝር አልተነቃነቀም። በአሥራ አንድ ዓመቴ አንድ ሳህን ውሃ አቀረብኩና አንዲት ቃል ሳልናገር አንድ ቤት ሙሉ ሰው ተነሥቶ ቤቱን አቀና።