ቦቢ ክሊንገርና ከመንገዱ ማዶ ያለው ኮሌጅ

የቦቢ ክሊንገር ፀጉር ቤትና የኦልድንሃም ኮሌጅ በር ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚለያቸው መንገዱ ብቻ ነው። እኔ ፀጉሬን እሷ ዘንድ መሠራት ከጀመርኩ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ የምሄደው ለወሬው ነው። ባሏ ቴክሳስ ሄዶ በዚያው ስለቀረ ልጇን ቴሳን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። "ብቻዬን እንኳ አይባልም፣ ኮሌጁ አግዞኛል" ትላለች። ደንበኛ ሲበዛባት "ሂጂ፣ ግቢው ውስጥ ተጫወቺ" ማለት ነበር። ቴሳ በበረዶ ላይ መንሸራተት የተማረችው ግቢው ውስጥ ባለው ኩሬ ነው። የቤት ሥራዋንም የምትሠራው ቤተ መጻሕፍታቸው ውስጥ ነው፤ ማሞቂያቸው ከቦቢ ቤት ማሞቂያ ይሻላላ። የምድርንና የድንጋይን ነገር ማጥናት የተመኘችውም እዚያው፣ ኮሪደሩ ላይ የተደረደሩትን ድንጋዮች ስታይ አድጋ ነው። ከኦልድንሃም ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ከሌላው ሰው ቀድማ ኦልድንሃም አመለከተች። ነጥቧ የሚያኮራ ነው። መልሱ ከገና በፊት መጣ፤ እንዳይደሰቱ አልተቀበሏትም፣ እንዳያለቅሱ አልጣሏትም። በመጋቢት እንደገና እናይሻለን ነው የሚለው።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጌሪ ፔንድልተን የቦቢ የድሮ የክፍል ጓደኛ ነው። ልጇን ይዛ ሄደችበት።

"ቴሳ፣ ኮሌጁን ጎብኝተሽዋል?" አላት።

"ትናንት እዚያ ነበርኩ።"

"ተመዝግበሽ፣ ከአስጎብኚ ጋር ማለቴ ነው።"

"ምኑን ነው የሚያስጎበኙኝ?"

"የሚልኩልሽን ኢሜይልስ ትከፍቻለሽ?"

ቴሳ እናቷን አየት አደረገች። "ሁሉም 'ውቡን ኮረብታችንን መጥተሽ እዪ' የሚል ነው። እኔ እዚያ ኮረብታ ላይ እጄን ተሰብሬያለሁ። ሳልከፍት ነው የማጠፋው።"

ጌሪ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ቦታ መስጠት የሚፈልጉት ከተቀበሉት በኋላ ለሚመጣላቸው ልጅ ነው። ስለዚህ ፍላጎት ያሳየውን ይከታተላሉ፤ ማን ጎበኘ፣ ማን ኢሜይል ከፈተ፣ ማን ጠየቀ። የሩቅ ልጅ ባይመጣ መንገድ ርቆት ነው ይሉታል። አንድ መንገድ ተሻግራ ያልመጣች ልጅ ግን…"

"ንቃናለች ይላሉ" አለች ቦቢ።

"እንደሱ ነው።"

"ልጄ እኮ እዚያ ነው ያደገችው፣ ጌሪ።"

"እኔ አውቃለሁ። እነሱ ዘንድ ግን ቴሳ የምትባል ልጅ እግሯ ረግጦ አያውቅም።"

ቦቢ ያን ቀን ስትነግረኝ ፀጉሬን እያበጠረች ነበር፤ ማበጠሪያው ላይ ንዴቷ ይሰማኛል። "ጎረቤትሽን 'እወድሻለሁ' ብለሽ በደብዳቤ ታስታውቂያለሽ? የት አገር ነው እንዲህ ያለ?"

ተናደደች እንጂ አልተኛችም። ለጉብኝት አስመዘገበቻት። መመዝገቢያው ሆቴል ያስፈልግሽ እንደሆነ ይጠይቃል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም ተሽቀርቅረው መንገዱን ተሻገሩ። ከካሊፎርኒያና ከቦስተን ከመጡ ወላጆች ጋር አንገታቸው ላይ የእንግዳ መታወቂያ ተንጠለጠለላቸው። አስጎብኚው ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዙሮ የኋሊት የሚሄድ ልጅ ነው፤ ቦቢ ፀጉሩን በየወሩ ነው የምታስተካክለው።

"ቦቢ? ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

"ኮሌጃችሁን ላውቀው መጣሁ" አለችው።

ልጁ እየሳቀ የኋሊት ሲራመድ ቴሳ "ከኋላህ ደረጃ አለ" አለችው። ኩሬው ዘንድ ሲደርሱ አንዲት እናት "እዚህ መንሸራተት ይቻላል?" ብላ ጠየቀች፤ ቴሳ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ቦቢ ግን ወገቧን ይዛ፣ የምግብ አዳራሹ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ልብስ የሚታጠበው የት ነው እያለች ጥያቄ ታዥጎደጉዳለች። "እንዲያውቁን አይደል የመጣነው?" አለችኝ በኋላ።

ኢሜይሉን ሁሉ መክፈት ጀመሩ። ቴሳ ትምህርት ቤት ስትሆን ቦቢ የደንበኛ ቀለም እስኪይዝ ቁጭ ብላ በልጇ ስም ትከፍታለች።

ከደንበኞቿ አንዷ፣ ኤለሪ የምትባል ወጣት፣ የኮሌጁ የተማሪዎች ቅበላ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። አንድ ከሰዓት ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ፀጉር ልታስቆርጥ መጣች፤ እኔ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ቦቢ መቀሷን አንስታ፣ "ልጄ ትናንት የላካችሁትን ሁለቴ አነበበችው" አለች፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው።

ኤለሪ መስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ሰበረች። "ቦቢ፣ ስለዚህ ነገር ማውራት አልችልም።"

"መቼ አወራሁ፣ እየቆረጥኩ እኮ ነው።"

ልጅቷ ፀጉሯ ሳይደርቅ ተነሥታ፣ ጉርሻ ጥላ ወጣች። ሁለተኛም አልመጣች።

"ውደዱን ይላሉ፤ ስትወጂያቸው ደግሞ ይሸሻሉ" አለች ቦቢ።

የቀረው ደብዳቤ ነበር፤ ለምን እኛን መረጥሽ የሚል ጥያቄ መልስ። ቴሳ ጽፋ ለእናቷና ለእኔ አነበበችልን። ስለ ኩሬው ጽፋለች። ከትምህርት ቤት መልስ ማንም ማን ነሽ ሳይላት ስለምታነብበት ጥግ፣ ኮሪደሩ ላይ አንዱን ድንጋይ በጣቷ ስትነካ ስለተቆጣቻት የጥበቃ ሴትዮና ያቺው ሴትዮ በሳምንቱ ድንጋዩ ምን እንደሚባል ሰው ጠይቃ እንደነገረቻት ጽፋለች። እኔ አፌን ሞልቼ አመሰገንኳት። ጌሪ ግን ደብዳቤውን መለሰባት። ይህ ከተማውን እንደምትወጂ ነው የሚናገረው፣ የፕሮፌሰር ስም ጥሪ፣ ትምህርት ክፍሉ ሌላ ዘንድ የሌለ ምን እንዳለው አስገቢ አላት። ቴሳ አንድም ቀን አግኝታው የማታውቀውን ፕሮፌሰር ስም ከድረ ገጹ ላይ ፈልጋ፣ ሥራዎ አነቃቅቶኛል ብላ ጻፈች። የተላከው ይሄኛው ነው።

በረዶው ሲቀልጥ መልሱ መጣ። ተጠባባቂ ሆናለች፤ ቦታ ከተረፈ ነው የሚጠሯት። ፍላጎትሽ አሁንም የጸና ከሆነ አሳውቂን፣ ለምን እንደሆነም በአጭሩ ግለጪልን ይላል።

ቦቢ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀመጠች። "ነይ፣ የመጀመሪያውን እንልካለን፤ የኩሬውን።"

"እማ፣ ተዪው።"

"ምኑን ነው የምተወው? በር ላይ ደርሰን?"

"ሦስት ወር ሙሉ ነገርኳቸው። ከዚህ በላይ እንዴት ነው የምፈልገው? በጉልበቴ ተንበርክኬ ልሂድ? ያ ግቢ ሳየው ደስ የሚለኝ ቦታ ነበር፤ አሁን በአጠገቡ ሳልፍ ልመና የወጣሁ ያህል እያፈርኩ ነው። የክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ምንም ሳይጠይቀኝ በመኸር ተቀብሎኛል። እዚያ እሄዳለሁ።"

"ሦስት ሰዓት መንገድ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ቦቢ ተከራከረች፣ ለመነች፣ ጌሪ ዘንድ ደወለች። ቴሳ ንቅንቅ አላለችም። የተጠባባቂነት መልስ የሚሰጥበት ቀን ሲያልፍ ቦቢ ያን ቀን ፀጉር ቤቱን አልከፈተችም።

ግንቦት ላይ የኮሌጁ ምርቃት ሲደርስ ፀጉር ቤቱ በሩቅ አገር እናቶች ይሞላል። አንዷ፣ ደግ ሴትዮ ናት፣ ቦቢ ፀጉሯን እየጠቀለለችላት በመስኮቱ ወደ በሩ እያየች፣ "ታድለሽ። ልጆች አሉሽ? እዚህ ነው የሚማሩት?" አለቻት።

"አንድ ሴት አለችኝ። ሌላ ቦታ ነው የምትገባው።"

"ውይ፣ እዚህ ደጃፏ ላይ እያለ? አልወደደችውም?"

ቦቢ የፀጉር ማድረቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።