ጋሼና የአሉሚኒየም ጀልባቸው

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ካረፉ ነገ አርባ ቀናቸው ነው። በስደት ኦክላንድ ከተማ ታክሲ ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ አንድ አሮጌ የአሉሚኒየም ጀልባ ገዙ። ጭንቅ ሲመጣ ድምፃቸው ከፍ አይልም ነበር፤ ለሰው ሁሉ ሥራ ያከፋፍሉ ነበር።

የነርስነት ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ወድቄ፣ «በቃኝ» ያልኩ ሰሞን፣ ሳን ፓብሎ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ይዘውኝ ሄዱ። መሀል ስንደርስ እግሬ ራሰ። የጀልባው ወለል መጋጠሚያ ላልቶ ውሃ ያስገባ ነበር።

«ጋሼ፣ መስመጣችን ነው» አልኩ።

«ገና ነን። አንቺ ውሃውን ቅጂ፣ እኔ እነዳለሁ» ብለው ባልዲ አቀበሉኝ።

ዳር እስክንደርስ ውሃውን እየቀዳሁ ወደ ውጭ ደፋሁ። በማግስቱም ለፈተናው እንደገና ሬጂስተር አደረግሁ፤ አለፍኩም። እሳቸውም የጀልባውን ክፍተት ራሳቸው ደፈኑት።

ባለፈው ቅዳሜ ከሴት ልጃቸው ጋር ጀልባውን ይዘን ሐይቁ ላይ ወጣን። ሞተሩ አጠገብ ያለው የጋሼ መቀመጫ ባዶ ነበር፤ ሁለታችንም ቆመን አየነው። በአማርኛ ሳናግራት ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጃቸው በመጨረሻ ሄዳ ተቀመጠችበትና ሞተሩን አስነሳች።

ትንሽ እንደሄድን ዞር ብላ፣ «አባዬ የት ጋ ነበር የሚያጠምደው?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

በእጄ ወደ ሸምበቆው አመለከትኳት። ጀልባውን ቀስ ብላ ወደዚያ አዞረችው።