ማርያምን ያላልኩበት ጨዋታ

የልጅ ልጄ ሶስና ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። ከማታውቀው ሰው ጋር፣ ሁለቱ ብቻ፣ ፖከር የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ተጫውታ አሸንፋለች። አሁን ያለቀውን ጨዋታ መልሳ እያየች አካሄዷን ትመረምራለች።

«ይዩት እማማ፣ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ያለኝን በሙሉ አስያዝኩ፤ ፈራና ፎልድ አደረገ፣ ካርታውን ጣለ። ኮል ቢያደርግ፣ እኩል ቢያስይዝ፣ አልቆልኝ ነበር!»

«እስከዚያ ድረስ እንዴት ስትጫወቺ አይቶሻል?»

«በጥንቃቄ። ጥሩ ካርታ ሲኖረኝ ብቻ ነበር የማስይዘው።»

«እንግዲያው አንቺን አምኖ ነው የሸሸው» አልኳት። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ይህን ያስተማረችኝ አልማዝ ናት።

ያኔ ዴንቨር ከመጣሁ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ከአልማዝ ጋር ክፍል እናጸዳ ነበር። ዐቢይ ጾም ነው፤ ጠዋት በረዶ ይጥላል፣ ከሰዓት ፀሐይ ትወጣና ኮልፋክስ ጎዳና ጭቃ በጭቃ ይሆናል። አለቃችንን ለፋሲካ እሑድ ፈቃድ ብንጠይቀው «ኢስተርማ አለፈ እኮ!» ብሎ ሳቀ። የእኛ ፋሲካ ገና እንዳልደረሰ ብናስረዳው «ከሁለት አንዳችሁ፤ ተስማሙ» አለ።

እንዴት ብለን እንስማማ? የምንሰበሰብበት አዳራሽ ቋሚ ቄስ አልነበረውም። ካህኑ ከሌላ ስቴት የሚመጡት ለፋሲካ ብቻ ነው፤ ሰማንያ ቀን ካለፋት የቆየችው ልጄም ክርስትና የምትነሳው ያን እሑድ ነው። የአልማዝ ወንድም ደግሞ ከስንት ዓመት መለያየት በኋላ በዚያው እሑድ በዴንቨር ያልፋል፤ ውሎ አያድርም። የእኔ ይበልጣል ብሎ መከራከር ነውር መሰለኝ።

«ዕጣ እንጣል» ብላት «ካርታ ይሻላል» አለች። በካርታ ማንም አይችላትም ነበር።

በምሳ ሰዓት አንሶላ የሚደርቅበት ክፍል ገባን። ማሽኖቹ ያጉረመርማሉ፣ የበረኪናው ሽታ አፍንጫ ይቆነጥጣል፣ የቀዘቀዘው ሽሯችን ሳይነካ ተቀምጧል። ሦስት ሦስት ካርታ ያዝን። ጥንድ ያላት ታሸንፋለች፤ ጥንድ ከሌለ ትልቅ ካርታ። መያዣውን መጨመር ይቻላል፤ የፈራች ካርታዋን ጥላ እሑድን ብቻ ታጣለች።

ካርታዬን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት። ባዶ እጅ።

«ልጨምር» አልኩ። «የተሸነፈች የሌላዋን መታጠቢያ ቤቶች እስከ መስከረም ታጥባለች።»

አልማዝ ቀና አለች። «ወልደሽ ወገብሽ እንኳ ሳይጠና?»

«ወገቤን ለእኔ ተዪው።»

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። አንዱ ማሽን ሥራውን ጨርሶ ጸጥ አለ።

«እሺ፣ ጥንድ ይዤአለሁ በይና ማርያምን በይ!»

ካርታ መደበቅ የጨዋታው ሕግ ነው፤ ሁለታችንም ወደን ገብተንበታል። በማርያም ስም መዋሸት ግን ማጭበርበር ነው፤ ያውም ልጅ ለማስጠመቅ!

«አልልም» አልኳት።

«አየሽ! የለሽም ማለት ነው!» ብላ ካርታዋን ልትገልጥ እጇን ሰደደች። ከዚያ ቆም አለች። አንድ ጊዜ የባልደረባችን ምሳ ተበልቶ ሁሉም ማርያምን ሲሉ እኔ ብቻ አልምልም ብዬ ሰንብቼ ነበር፤ የበላችው ሌላ ሆና እስክትገኝ ድረስ ሌባዋ እኔ ነበርኩ። አልማዝ ያ ትዝ አላት።

«አንቺ ግትር! ለእውነትም አትምዪም! ባይኖርሽማ ወገብሽን አታስይዢም!» ብላ ካርታዋን ወረወረችው። ሁለት ንጉሥ ነበራት።

የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ቆመን አንሶላ ስንዘረጋ «ልጅሽ ተጠመቀች?» አለችኝ።

«ተጠመቀች።»

«እኔም ወንድሜን አየሁት። በምሳ ሰዓት፣ እዚሁ ሆቴሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን።» የያዘችውን ጫፍ ሳብ አድርጋ ፍራሹ ሥር ወተፈችው። ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ አላጭበረበርኳትምና። ግን ቀኑን ሙሉ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ታዲያ ልክ ነበሩ፣ እማማ?» አለች ሶስና።

«ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም እላለሁ» አልኳት። «ነገር ግን አደጋውን ስመዝን የመዘንኩት ወገቤን ብቻ ነው። ሰኞን፣ የአልማዝን ፊት ማየትን፣ አልመዘንኩም።»

«እኔማ ተመስገን ነው» ብላ ሳቀች። «ሰውዬው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም፤ ጠዋት ፊቱን አላየው።»

«እኔን የሚያስፈራኝም ፊቱን አለማየትሽ ነው» አልኳት።