ለሁለት የሚበቃ ሰሌን

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንድ ሰውዬ ጥቅል ሰሌን በትከሻው አጋድሞ በአጠገቤ አለፈ። ጫፉ ጉንጬን ነካኝ። የደረቀ ዘንባባ ሽታ፣ ከሥሩ ትንሽ የቆላ አቧራ። ሽንኩርቱን ትቼ ተከተልኩት። ሸክሙን ሲያወርድ "ለእህል ማስጫ ነው ወይስ…" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለተኛውን አገልግሎት ሰው መቼም በአፉ አይጠራውም። "እንዲያው ልየው ብዬ ነው" አልኩት። ለምን እንደተከተልኩትማ እኔስ መች አወቅሁት።

እኔ ከሰሌን ሥር ነው ያደግሁት ብልህ ታምነኛለህ? መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ እኛ ቤት ከጣሪያው ማገር ላይ ተጠቅልሎ ይንጠለጠል ነበር። የእናቴ ነው። ስትሞት የምትጠቀለልበት። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ ገና ጥርሷ ሳይነቃነቅ፣ ከመርሐቤቴ ቆላ በዘመድ አሠርታ አስመጣችው። እናቴ አጭር ሴት ነበረች፤ ሠሪው ግን ልኳን አላየም፤ ሰሌኑ ሲዘረጋ ከምድጃው እስከ በሩ ደረሰ። አባቴ ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና "አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ እኮ ለሁለት ሰው ይበቃል" አላት። "አንተ የራስህን አሠራ" አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስታይ አውርዳ ካቡ ላይ ታሰጣዋለች። ቤት ውስጥ የኩበት ጭስ ሲጠጣ ከርሞ ውጭ ሲሞቅ ሌላ ሽታ ያመጣል። እናቴ እያራገፈችው ከሞተች እናቷ ጋር የምታወራ ትመስል ነበር። ጎረቤት ተጣልቶ ሲታረቅ፣ ላም መንታ ስትወልድ፣ "ይኼንንስ ስሄድ ለእማማ እነግራታለሁ" ትላለች። ወሬ ታጠራቅምላታለች። ሞት ለእሷ ዘመድ ያለበት አገር ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አልፈራሁትም። የሚፈራ ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም።

ታላቅ ወንድሜና እኔ መሐል ሜዳ አንድ ክፍል ተከራይተን እንማር ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ እሱ ትምህርቱን ትቶ ዘመተ። የሄደ ዕለት ጠዋት አረንጓዴ የትምህርት ቤት ሹራቡን አውልቆ አለበሰኝ። "ብርዱን አታውቂውም እንዴ? ልበሽው፤ ስመለስ ትመልሺልኛለሽ" አለኝ። እጀታው ከጣቶቼ አልፎ ይንጠለጠል ነበር። ክርኑ ላይ ተቀዷል። ላቡ ላቡ ይሸታል፤ እኔም ሽታው እንዳይለቅ ብዬ አላጠብኩትም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ እንግዲህ ይመጣል እያልን ስንጠብቅ፣ አንድ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ወገኔ፣ ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ማን ያጣዋል። እናቴ ገና ሳይናገሩ መሬት ላይ ተቀመጠች። መርዶው መጣ፤ ሥጋው አልመጣም። የት እንደተቀበረ፣ መቀበር አለመቀበሩንም የሚያውቅ አልነበረም። ለቅሶው ላይ ልብሱ ይውጣ ሲባል ከልብሱ የቀረ ሹራቡ ብቻ ሆነ። አውልቄ ሰጠኋት። ስታሸተው አየኋት። ከዚያ በኋላ ሰው ጮኸ፤ እኔ የእሷን ፊት ብቻ ነው የማስታውሰው።

የለቀስተኛው እግር ሲቀንስ እናቴ ሰሌኑን አወረደች። ሹራቡን መሃሉ ላይ አጥፋ አስቀመጠችና ጠቅልላ፣ አዝላው፣ ወደ ማርያም ሄደች። ከኋላ ከኋላዋ ተከተልኳት። የነፍስ አባታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

"አባ፣ ይኼን ከአባቴ መቃብር ጎን ይቅበሩልኝ" አለቻቸው።

"ፍትሐት በስሙ አድርሰናል፤ ተዝካሩም ይወጣል። ሥጋ የሌለበትን ሰሌን ግን አልቀብርም ልጄ" አሉ።

"በትንሣኤ ቀን ሁሉም ከየመቃብሩ ሲነሣ የኔ ልጅ ከማን ጋር ነው የሚነሣው? እዚያ አገር ማንን ያውቃል?"

"እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

"እግዚአብሔርማ ያውቀዋል። እኛን የሚያገኘን በምንድን ነው? መንገዱን ማን ያሳየዋል?"

ሰሌኑን መልሳ አዘለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። ሰሌኑን ከማገሩ አልሰቀለችም፤ ዘርግታ ሹራቡን ትራስ አድርጋ ተኛችበት። ጎረቤት "ሴትዮዋ ተነካች" ይል ጀመር። አባቴ መደቡ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። ስለ እናቷም አላወራችም። ላማችን ወልዳ ብነግራት "እንግዲያ" ብቻ አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ ከመሐል ሜዳ ስመጣ አጠገቧ አስቀመጠችኝና "አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ከሞት በኋላ ስላለው መጽሐፋችሁ ምን ይላል?" አለችኝ።

ያን ሰሞን ባዮሎጂ ላይ ሬሳ እንዴት አፈር እንደሚሆን ተምረን ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ወንድሜ አፈር ከሆነ፣ ሌላ ምንም ከሌለ፣ እኔም እናቴም እንደዚያው ነን ማለት ነው። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

"ስለሱ አያነሳም እምዬ" አልኳት።

"ታዲያ ምን ያስተምሯችኋል?" አለችና ፊቷን አዞረች።

ዓመት ሊሞላው ሲል የነፍስ አባታችን በበቅሎ መጡ። ታመዋል፤ አባቴ ደግፎ ነው ያወረዳቸው። ቤት አልገባም ብለው ካቡ ሥር ተቀመጡ። እናቴ ለመሳለም አልተነሣችም፤ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው እንዲህ አሏት፤

"ባዶ ሰሌን አልቀብርም ብዬሻለሁ፤ አሁንም አልቀብርም። አንቺ ስትሞቺ ግን መቀበርሽ አይቀርም። በሰሌንሽ ውስጥ ከአንቺ ጋር ምን እንዳለ ፈትቶ የሚያይ የለም።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ሄዳ መስቀላቸውን ተሳለመች። የዚያን ዕለት ሹራቡ ከሰሌኑ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ማገሩ ተመለሰ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ካቡ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር።

እሳቸው በዚያው በሽታ አረፉ። እሷ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። እኔ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ "እናትሽ ደክማለች" ሲሉኝ በሚኒባስ ደረስኩ። እጄን ይዛ፣

"ለወንድምሽ ምን ልበልልሽ?" አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እዚያ ወዲያ ማዶ የሚጠብቃት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ዛሬም አላውቅም።

"ሹራብህን መልሳልሃለች በይው" አልኳት።

"እሺ" አለች፤ ገበያ እንደላኳት ሁሉ።

ስትገነዝ ወጣቱ ቄስ ሰሌኑን ሲፈቱ ሹራቡ ወደቀ። "ይኼ ምንድን ነው?" አሉ። ነገሩን የሚያውቁት የነፍስ አባታችን የሉም። አባቴ በምርኩዙ ተነሣ። ሹራቡን ከመሬት አነሣ፤ በእጁ አራገፈው።

"የሷ ዕቃ ነው፤ አብሯት ይሂድ" አላቸው።

አጥፎ ከራስጌዋ በኩል በተረፈው ቦታ አስቀመጠላት። ጎንበስ እንዳለ፣ እኔ ብቻ በሰማሁት ድምፅ፣

"ለሁለት ይበቃል ብዬሽ አልነበር?" አላት።

ቄሱ ሰሌኑን ጠቀለሉት። ገመዱ ታሰረ።

ቅዳሜ ዕለት ሰሌን ሻጩ "እመቤት፣ ትገዢዋለሽ?" ብሎ ከሐሳቤ መለሰኝ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤ አንዱ አሁንም ብርድ ሲሆን ሹራቡን እየረሳ ነው የሚወጣው። ሰሌኑን ከራሴ እስከ እግሬ ለካሁት፤ ልኬ ነው።

"ረዘም ያለ የለህም?" አልኩት።