የጎመናችን እንግዳ ትል

አባቴ ይመር፣ እናቴ ፋጦ፣ እህቴ ዘሀራ፣ ጎረቤታችን እትዬ ወለተና እኔ ነበርን። ዛሬ ሐይቅ ከተማ ገበያ የተረገጠ ጥቅል ጎመን ሲሸተኝ ያ የደርግ ዘመን በጋ ፊቴ ድቅን አለ።

አይተነው የማናውቀው አረንጓዴ ትል ጎመናችንን ይበሳሳው ጀመር፤ ብንለቅመው ብንለቅመው አያልቅም። እኛና እትዬ ወለተ «ከናንተ ነው የመጣው» እየተባባልን ሰላምታ ልንተው ደረስን።

«ወዳጃ ተቀምጠን አብረን ዱአ እናድርግ» አለች እናቴ።

«እሺ፣ ግን ምኑን አንሳልን ልንል ነው? መጀመሪያ እንወቀው» አለ አባቴ። ትሉን ከነቅጠሉ በፋኖስ ብርጭቆ ከቶ ከላይም ከታችም አፉን በሻሽ አሰረው። ከቀናት በኋላ ትሉ ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ሆነ።

«ልጆቿን ስንለቅም እናቲቱ በላያችን ትበር ኖሯል!» ብሎ ሳቀ። ትሉ የእሳት እራቷ ልጅ መሆኑ ያኔ አልገባኝም።

አመሻሽ ላይ የእሳት እራቶቹ ከየት እንደሚነሱ ስንከታተል፣ አባቴ ከደሴ ገዝቶ ካመጣው የጎመን ችግኝ ሆኖ ተገኘ።

«ወላሂ፣ ወለተ፣ ካንቺ አይደለም፤ ከኔው ነው» አለና ችግኙን መንቀል ጀመረ።

«አንተ ሰው፣ ጀግንነቱን ለብቻህ ልትወስደው ነው?» እያለች እትዬ ወለተ አብራው ነቀለች።

የቀረውን ትል በደቦ ለቀምነው፤ የሁለታችንም ቤት ጎመን ተረፈ። በአባቴ እንደዚያን ዕለት ኮርቼ አላውቅም። ዘሀራ፣ እትዬ ወለተ፣ እናንተም ነበራችሁ፤ የዘነጋሁት ካለ ጨምሩበት።