እስከ ፋሲካ ያስቀመጥናቸው ጥይቶች

«አባ፣ አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር አለ» አልኳቸው ለንስሐ አባቴ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ አምቦ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ጽዱ ሥር ቆመናል። «ጌም እጫወታለሁ።»

«ካርታ?»

«አይደለም፣ በኮምፒውተር ነው። የሚያስፈራ ነው። ሙታን እየተነሡ ያባርሩናል፤ እኛ እንሸሻለን።»

«ትገድያለሽ?»

«ግድ ሲሆን። ግን የሞቱ ናቸው፣ አባ።»

«የሞተውን ደግሞ ምን ብለሽ ትገድይዋለሽ?» ብለው ሳቁብኝ። መለስ አሉና ግን «ያን ያህል ከወደድሽው እሱንም ጹሚው» አሉኝ።

ወድጄዋለሁ። ለሰው ማስረዳት ያኔም ይከብደኝ ነበር። ከደሴ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ አምቦ የመጣሁት ባዮሎጂ ላስተምር ነው፤ ሲመሽ ግቢው ጥግ ያለው መጸዳጃ ቤት ድረስ ብቻዬን መሄድ የምፈራ ሰው ነኝ። ጌሙን ያስለመደችኝ ክፍል ተጋርተን የምንኖረው የሒሳብ መምህርቷ ናት። ከአምቦ አለፍ ብላ ያለችው የእጃጂ ከተማ ልጅ ናት፣ ፕሮቴስታንት። ኢንተርኔት ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜ ከወንድሟ በፍላሽ አምጥታ ላፕቶፗ ላይ ጫነችው። አንዲት ሴት ጎርፍ በከበበው አሮጌ ሆስፒታል ውስጥ ቀርታለች፤ መውጫ ትፈልጋለች። ጥይቱ ጥቂት፣ መድኃኒቱ ጥቂት፣ በሩ ግን ብዙ ነው።

ሥራ ተከፋፈልን። እጅ የእሷ፣ ቁጠባ የእኔ። ሴትዮዋን የምታስሮጣት እሷ ናት፤ ተኩሺ፣ አትተኩሺ የምለው እኔ ነኝ። በር ልትከፍት ስትል አማትባለሁ።

«ለማን ነው የምታማትቢው?» ትለኛለች።

«ለሁላችንም።»

«ለዞምቢውም ጨምሪለት፣ ማሎ! ከስቷል እኮ።»

«ማሎ» ለልመናም ለግርምትም የምትላት ናት። በጣም ስትደነግጥ ደግሞ አማርኛው ከነጭራሹ ይጠፋባትና «ፊጊ! ፊጊ!» ብላ ትጮሃለች፤ ሩጪ ማለት ነው። የምትሮጠው እሷ፣ የምታዘው ራሷን። ኦሮምኛን እንዲህ ነው የጀመርኩት፤ ከሰላምታው በፊት ሩጪን፣ ተደበቂን፣ ጠብቂን አወቅሁ።

በየፎቁ አንድ መብራት ያለበት ክፍል አለ። እዚያ ስንገባ ሙዚቃው ይለዝባል፤ ያንን በር አልፎ የሚመጣ ምንም የለም። ግድግዳው ሥር የተረፈንን ጥይትና መድኃኒት የምናስቀምጥበት ሣጥን አለ። ጌሙን የወደድኩት ለዚያ ክፍል ስል ይመስለኛል። ውጭ ያለው ፍርሃት ራሱ ሥርዓት ነበረው፤ ጭራቁ ከመድረሱ በፊት እግሩን ይጎትታል፣ ያቃስታል፤ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም።

ጾሙ ሊገባ ሲል የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነበርን። ሣጥኑ ሞልቷል።

«እንዳንቺ ቆጥቦ የሞተ ሰው አላየሁም» አለችኝ።

«እስከ ፋሲካ ልተወው ነው።»

«ብቻዬን ምን ልሠራበት?» አለችና ላፕቶፑን ከደነችው። «ሲን ኤጋ። እጠብቅሻለሁ።»

ከሥጋና ከወተት ይልቅ የከበደኝ እሱ ነበር። ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ የመጨረሻ በር ይታየኝ ጀመር። መድኃኒቱን ለመቼ እንደምናቆየው፣ የትኛውን ሮጠን እንደምናመልጠው በልቤ አወጣለሁ አወርዳለሁ። እሷም ማታ ማታ «ስንት ቀረሽ?» ትለኛለች፤ ቀኑን አብራኝ ትቆጥራለች።

ለበዓሉ እጃጂ ሄዳ በማግስቱ ተመለሰች። የተረፈውን ዶሮ አቀረብኩላት፤ በላች። እጄን ታጥቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በይ ክፈቺው።»

«ዛሬ ደክሞኛል።»

«እኔ እከፍተዋለሁ» አልኩና ከፈትኩት። ሴትዮዋ መብራቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆማለች። ባልለመዱ ጣቶቼ ከግድግዳ እያጋጨሁ ሣጥኑ ድረስ አደረስኳት። አንድ ፋሻ ብቻ አለ።

«ጥይቶቹስ?»

«ተኮስኳቸው።»

«ሁሉንም?»

«ጨርሼዋለሁ እኮ። ተቀየምሽ እንዴ? ጌም ነው፣ ማሎ!»

«ሲን ኤጋ ብለሽኝ?»

ዐይኗን ሰበረች። ከዚያ እውነቱ ወጣ። ዝውውሯ ተፈቅዶላት ነበር፤ በዚያው ሳምንት ጠቅልላ እጃጂ ልትገባ ነው፣ ላፕቶፑም አብሯት ይሄዳል። አብረን የምንቀመጥበት ጊዜ እንደሌለ ስታውቅ እስቲ ትንሽ ልየው ብላ ጀመረችው፤ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። «ልነግርሽ ነበር» አለች። «ጾም ላይ ነሽ፣ ላስከፋሽ አልፈለግሁም።»

ጾሜን ምክንያት አደረገችው።

ወደ ደጅ ወጣሁ። አከራያችን ልብስ እያሰጡ ነበር። ፊቴን አይተው «አይዞሽ ልጄ፣ አብራሽ የምትሆን ሌላ ሰው አግኝቻለሁ። ደርባባ ልጅ ናት» አሉኝ።

«እትዬም ያውቁ ኖሯል?»

«ኧረ ቆየ! ሆሳዕናም አልደረሰ።»

ሆሳዕና ሳይደርስ። እንግዲያ ማታ ማታ «ስንት ቀረሽ?» ስትለኝ የምትቆጥረው የእኔን ፋሲካ ሳይሆን የራሷን መሄጃ ነበር። ሽሮዬን ከአንድ ሳህን እየበላች።

ሻንጣዋን ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። ግን ለብዙ ጊዜ አባታችን ሆይ ስል፣ የበደለንን ስለ ይቅር ማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ድምፄ ዝቅ ይልብኝ ነበር።

በኋላ የራሴን ላፕቶፕ ገዛሁና ጌሙን አስጫንኩ። ሌሎችም ሞክሬአለሁ፤ ሥዕሉ እያማረ ይሄዳል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጥቂት ጥይት፣ ብዙ በር፣ አንድ የበራ ክፍል። በዚህ ዕድሜሽ ምን አገኘሽበት የሚሉኝ አሉ። ሣጥኑ ውስጥ ያኖርኩትን ስመለስ አገኘዋለሁ፤ የማውቀው መልስ ይኼ ነው። ያንን የሆስፒታሉን ግን የመጨረሻው ፎቅ ስደርስ አቆመዋለሁ። ጾም ሲመጣ እተወዋለሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ከመጀመሪያው እነሳለሁ።

ዘንድሮ ለበዓሉ ደወለችልኝ። ከኋላዋ ልጆቿ ይንጫጫሉ።

«ያንን ጌም አሁንም ትጫወቻለሽ?»

«እጫወታለሁ።»

«ጨረስሽዋ!»

«አልጨረስኩም። የመጨረሻው በር ጋ ነኝ።»

«እስካሁን? ጥይት የለሽም?»

«ሞልቷል።»

ሳቀች፤ ያው የድሮ ሳቋ ነው። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ማሎ?»

ሲን ኤጋ ያለችኝን ረስታዋለች። ልጆቹን ሳሚልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።