ዘይት የጠጣው የፍሪሲዮን ሸራ

በዚያ ቅዳሜ እዚህ ጀርመን፣ ኦስትሃፈን በሚባለው የወንዝ ወደብ፣ ከአንድ መጋዘን ጀርባ ባለው ግቢ የነበርነው አራት ነን። አንዱ የመኪናዋ ባለቤት፣ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። ሁለተኛው መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣ ግቢውንም ያስፈቀደልን ጓደኛችን። ሦስተኛዋ እሑድ እሑድ በምንከራየው አዳራሽ የምትዘምረው እትዬ። አራተኛው እኔ። ስም አልጠራም፤ የነበረ ራሱን ያውቃል።

መኪናዋ ታማ ነበር። ቤንዚን ሲሰጧት ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ግን ዳገት እንዳየች በቅሎ ትለግማለች። ጋሼ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ የበረራ ምግብ በሚዘጋጅበት ቦታ የማለዳ ፈረቃ ይሠሩ ነበር። ፈረቃው የሚገባው ከሚኖሩበት ከዚንድሊንገን የመጀመሪያው ባቡር ሳይነሳ ነው። ገና ፕሮቤትሳይታቸውን፣ የሙከራ ጊዜያቸውን፣ አልጨረሱም፤ በመኪናዋ ሰበብ ሁለቴ አርፍደው ሼፋቸው፣ አለቃቸው፣ “አንዴ ከተደገመ በቃ” ብሏቸዋል። ሥራው ካልጸና ደግሞ ለሚስታቸውና ለልጃቸው ቪዛ አይፈቀድም። ልጅቷን የሚያውቋት በፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ቀጣዩ ፈረቃ በማግስቱ፣ እሑድ ንጋት ላይ ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የነበረኝ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁት የጀርመንኛ የጥገና መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን፣ በክሪክ አንስተን፣ ካምቢዮውን አወረድነው። የሞተሩን ጉልበት ይዞ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን የፍሪሲዮኑን ሸራ ሳወጣው ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። በጣቴ ብነካው ዘይት ነው።

“ይሄ ፍሪሲዮን ነው ጥብስ?” አለ ጓደኛችን።

በሞተሩና በፍሪሲዮኑ መካከል ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት ፈንድቶ ነበር። ለምን እንደፈነዳ ስላልገባኝ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ እጀታው ሥር ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

“ጋሼ፣ ዘይት ማን ጨመረ?”

“እኔ እንጃ። ከገዛኋት ወዲህ አልነካሁም።”

እትዬ መሐረቧን ማስተካከል ጀመረች። ጋሼ መኪናቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ያውሱ ነበር፤ ቤት ለሚቀይር፣ ሕፃን ሐኪም ዘንድ ለሚወስድ፣ የአዳራሹን ድምፅ ማጉያ ለሚያመላልስ። የቤንዚን ክፈሉ ማለት ቀርቶ ማንም ቤንዚን ቢሞላ ይቆጡ ነበር። የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት ሳህን ቢያውሰን አንድ ነገር አድርገንበት እንደምንመልሰው ሁሉ...

“እኔ እንኳ ትንሽ ጠብ ነው ያደረግኩላት” አለች እትዬ። “አሮጌ መኪና ዘይት ትወዳለች ሲሉ ሰምቼ።”

“ትንሽ ማለት?”

“ጣሳው እስኪያልቅ።”

ጓደኛችን ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። “እኔም ሶፋዬን ያመላለስኩ ጊዜ” አለ። “ጋሼ እንዳያዩኝ ደጃቸው ላይ ሳልደርስ።”

ሁለቱ እንዲህ ካሉ፣ እዚያ ያልነበሩት ስንት ይሆኑ?

ጋሼ ዘንጉን ከእጄ ተቀብለው አዩት። “ልጆቼ” አሉ፣ “ልታነግሷት ነው እንዴ እንዲህ የቀባችኋት?” ማንም አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም።

የመለዋወጫ ሱቆች ተዘግተዋል። ያን ጊዜ ጀርመን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሸጥልህ አልነበረም፤ እሑድማ አይታሰብም። መጽሐፉ ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል ይላል። ጋሼ ቆመው እየጠበቁኝ ያንን ዓረፍተ ነገር መተርጎም አቃተኝ። “እንጠበው” አልኩ።

በቤንዚን አጠብነው፤ ጠርገን በነፋስ አደረቅነው። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት። ደህና መሰለ። ከዚያ ጓደኛችን የመጋዘኑን የኤሌክትሪክ ምድጃ አመጣና ሞቅ አደረግነው። ሸራው አላበው፤ ዘይቱ ከውስጡ ነጠብጣብ እየሆነ ወጣ። እትዬ ጠረገችው። እንደገና ወጣ። ጋሼ ሸሚዛቸው ሥር የለበሱትን ካናቴራ አውልቀው ቀደዱና አብረዋት መጥረግ ጀመሩ። ሁለቱም አቀርቅረው፣ ሳይነጋገሩ፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ የተመለሰበት ጊዜ አልነበረም።

ትርፉን ዘይት ቀድተን አፈሰስን፣ የፈነዳውን ቀለበት መተኪያ ስለሌለን እንዳለ ትተን ሸራውንና ካምቢዮውን መለስን። በግቢው ውስጥ ሄደች። እትዬ እልል ልትል አፏን ከፈተች። የማይንን ወንዝ ድልድይ ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ጮኸ፣ ጭስ ሸተተ፣ ከኋላችን ያለው ሾፌር ጡሩምባውን ያዘ። ጋሼ መሪውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ “እባክሽ” አሏት። እባክሽ፣ እናቴ። ቆመች።

ወርደን እየገፋን መለስናት። ጋሼ እጃቸውን ታጠቡ፣ የሥራ ልብሳቸውን በፌስታል ያዙና በምሽቱ ኤስባን፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ፍሉግሃፈን ሄዱ። “እዚያው ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፤ ፍሉግሃፈን አይዘጋም” አሉ።

እሑድ ሥራ ገቡ። ሰኞ ሸራውንና ቀለበቱን ልገዛ ብሄድ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው አሉኝ። ጋሼ በዚያ ሳምንት ከተጓዦች ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠው እያነጉ ወደ ሥራቸው ይገቡ ነበር። ዕቃው በመጣበት ቀን እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ሳጠብቅ ጫማቸውን አየሁ። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ መሆን ነበረባቸው።

“ውጣ፣ ልጄ” አሉ። “እንቅልፍ ጣለኝ። ከሥራው በር ፊት ለፊት፣ ልብሴን ታቅፌ። ስነቃ ፈረቃው ከገባ ቆይቷል።”

“ምክንያቱን ነገሯቸው?”

“ነገርኳቸው። ሰሙኝ። የመግቢያ ባጄንም ተቀበሉኝ።”

ከዚያ እትዬ በስልክ ካርዷ ለሚስታቸው ልትደውልላቸው ጥግ ላይ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ወሰደቻቸው። ጓደኛችን የስልኩን ቤት በር ከፍቶ ደግፎ ቆመ፤ እኔ እጄ ግራሶ ስለነበር ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጋሼ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ሲናገሩ፣ ከዚያ ረጅም ጊዜ ሲያዳምጡ አየሁ እንጂ ምንም አልሰማሁም። ዛሬም እሳቸውን መጠየቅ አልደፍርም። እትዬ፣ አንተም በሩን የያዝከው፣ ይህን ካነበባችሁ ጻፉልኝ፦ ለሚስታቸው እውነቱን ነው የነገሯት? ወዲያ ማዶ ስልኩን ከእናቷ ተቀብላ ያን ያህል ያወራቻቸውስ ልጅቷ ነበረች?